ፓኤያ የሚያበላሹ ስህተቶች፤ ከማማሰያው ጀምሮ

ማማሰያውን አስቀምጡት። ፓኤያን፣ የስፔኗን የቫሌንሲያ ከተማ የሩዝ ምግብ፣ ስትሠሩ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ።

ወጥ ሲያማስል ያደገ እጅ አርፎ መቀመጥ እንደማይችል ይገባኛል። የምሠራበት ኩሽና የሚመጡ የአገሬ ልጆች ሁሉ አንድ ናቸው። "ሩዙ ከገባ በኋላ አትንኩት" ስላቸው እሺ ይላሉ። ዞር ስል ማንኪያው መጥበሻው ውስጥ ነው። ምነው ስላቸው "እንዳይዝ ብዬ ነው" ይሉኛል። እንዲይዝማ ነው የምንፈልገው! ሩዝ ሲማሰል ስታርቹን ይለቅና መረቁ ይወፍራል። ጣሊያኖች ሪዞቶ ሲሠሩ ሆን ብለው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፓኤያ ላይ ግን እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው መቆም አለበት። ሩዙን በትናችሁ አንዴ እኩል ታዳርሱታላችሁ፣ አለቀ። እጅ ሥራ ካጣ ሰላጣ ይክተፍ።

ሥሩ ላይ የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት ሶካራት ይባላል። ቫሌንሲያ ውስጥ ሰው የሚሻማው እሱን ነው። ከላይ ሆኖ አይታይም፤ በጆሮና በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። መጀመሪያ መረቁ ይንተከተካል። ፈሳሹ ሲያልቅ መንተክተኩ ይቆምና ቀጭን መንጣጣት ይጀምራል። ከዚያ የተቆላ እህል ሽታ ይመጣል። አንድ ደቂቃ ያህል ታገሡና እሳቱን አጥፉ። ሽታው ወደ መራራ ከሄደ አልፏችኋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሽንኩርት። ሽንኩርት ካልከተፈ ምግብ የጀመረ ለማይመስለው ለእኛ ሰው ከባድ ነው፤ ግን የቫሌንሲያ ፓኤያ ሽንኩርት የለውም። ሩዙን ያለሰልሰዋል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። የቁሌቱን ሥራ የሚሠራው ሥጋው ነው። ጨው ነስንሳችሁ በወይራ ዘይት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጥበሱት። ነጣ ሲል አትቸኩሉ፣ ቡናማ እስኪሆን ጠብቁ። ከዚያ ፎሶሊያው፣ ከዚያ የተፈቀፈቀ ቲማቲም ጠቆር እስኪል። ፓፕሪካ የሚባለው የማያቃጥል የቀይ ቃሪያ ዱቄት ለቅጽበት ብቻ፤ ቶሎ ያርራል። ወዲያው ውሃ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲፈላ መረቅ ይሆናል፣ ሩዙ የሚጠጣውም እሱን ነው። በርበሬ እንጨምር ወይ ለምትሉኝ፦ አይ።

ጥልቅ ድስት አይሆንም። ፓኤያ በቫሌንሲያ ቋንቋ መጥበሻ ማለት ነው፤ ምግቡ ስሙን የወሰደው ከዕቃው ነው። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ሁለት ጆሮ ያለው ብረት። ለ4 ሰው 400 ግራም ሩዝና 40 ሳንቲ ሜትር ግድም ስፋት ያለው መጥበሻ ይበቃል። ሩዙ ከጣት ውፍረት በላይ ከተከመረ ታችኛው ሲቦካ ላይኛው ጥሬ ይቀራል።

ስሙን ካነሳን አይቀር፣ "ከአረብኛ የመጣ ነው፣ ከነገሥታት ማዕድ የተረፈ ማለት ነው" የሚለውን ተረት ለእንግዳ አታውሩ። ቃሉ ከላቲን የወረደ ነው። በጥንት ዘመን ቫሌንሲያን ይገዙ የነበሩት ሙስሊሞች ያመጡት ሩዙን ነው። የአራጎኑ ክርስቲያን ንጉሥ ሃይሜ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1238 ቫሌንሲያን ከእነሱ ሲይዝ ሩዙ እዚያ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ሁሉ መጨመር። ቫሌንሲያ ለእኛ የሯጮች ከተማ ናት፤ ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2020 የ5 ሺህ ሜትሩን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው። ከከተማዋ ወደ ደቡብ ትንሽ ወጣ ሲሉ አልቡፌራ የሚባል ሐይቅ አለ፣ ዙሪያው የሩዝ ማሳ። ፓኤያ የዚያ አካባቢ ገበሬ ምሳ ነበር። በእንጨት እሳት ላይ ይሠራል፣ መጥበሻውን ከበው በእንጨት ማንኪያ ይበሉታል። የሚገባበትም ደጃፍ ላይ የተገኘው ነው፦ ዶሮ፣ ጥንቸል፣ ሰፋፊ ፎሶሊያ፣ ጋሮፎ የሚባል ትልቅ ነጭ አደንጓሬ፣ ቲማቲም፣ ሩዝ፣ የወይራ ዘይት፣ ሳፍሮን የሚባል ቀይ ክር ቅመም፣ ጨው፣ ውሃ። እነዚህ 10 ክርክር የለባቸውም። ቀንድ አውጣና የጥብስ ቅጠልም እንደየቤቱ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዛዊው ሼፍ ጄሚ ኦሊቨር ቾሪሶ የሚባለውን ቋሊማ ጨምሮ ፓኤያ ብሎ ቢለጥፍ የስፔን ሕዝብ በአንድ እግሩ ቆመ። ቾሪሶ የገባበት ሩዝ ሁሉ ቾሪሶ ቾሪሶ ይላል፣ ሌላው ድካም ከንቱ ነው።

የእኛ ሰው ጥንቸል አይበላም። ሙሉውን በዶሮ ሥሩት፣ ችግር የለውም። ድሮ አልቡፌራ ውስጥ የውሃ አይጥም ይገባበት ነበርና እነሱም ብዙ ሊኮሩብን አይችሉም። በባሕር ምግብ የሚሠራው ፓኤያ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ ዶሮና ሽሪምፕ አንድ ላይ የሚቀላቀለው ለቱሪስት ነው። ለጾም ከፈለጋችሁ የአትክልት አለ። የጥብስ ቅጠሉን በመጨረሻ ላይ አንድ ዘለላ ጣል አድርጉና ቶሎ አውጡት፣ አለበለዚያ ጥብስ ጥብስ ይሸታችኋል።

እርድ የሳፍሮን ምትክ አይሆንም። ቀለሙን ይሰጣችኋል፣ ጣዕሙ ግን አልጫ ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ ሳፍሮኑን ዘፍራን በሚል ስም በቅርብ ታገኛላችሁ፤ ጥቂት ክር ይበቃል። ካጣችሁ ተዉት። ቫሌንሲያ ውስጥም ብዙ ቤት የሚገባው በከረጢት የሚሸጥ የምግብ ቀለም ነው፤ ብቻ አይነግሯችሁም።

ባስማቲ አይሆንም። ቦምባ ወይም ሴኒያ የሚባሉትን አጫጭር ሩዞች ፈልጉ፣ አትጠቡአቸውም። ለቦምባ አንድ እጅ ሩዝ በሦስት እጅ መረቅ፤ ሴኒያ ትንሽ ያንሰዋል።

እሳቱ ደግሞ መጥበሻውን በሙሉ ካልደረሰ መሃሉ እያረረ ዳሩ ጥሬ ይሆናል። የተለመደው የቤት ምድጃ ላይ ትልቅ መጥበሻ መጣድ ትርፉ ብስጭት ነው።

የመጨረሻው የእኛ የራሳችን ነው፦ ቀጠሮ። "ሰባት ሰዓት ኑ" የተባለ እንግዳ ስምንት ተኩል ላይ "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል። ወጥ ቢሆን ይጠብቀዋል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ሩዝ ግን ከገባ ጀምሮ 18 ደቂቃ ገደማ ነው ያለው፤ መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት፣ ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ። ከወረደ በኋላ አምስት ደቂቃ ያርፋል። ከዚያ ካለፈ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሶካራቱም ይረጥባል። ስለዚህ መረቁ ላይ ስትደርሱ እሳቱን አጥፉና ቁጭ በሉ። እዚያ ላይ እንግዳው እስኪደርስ ሊቆይ ይችላል። ሩዙን የምትበትኑት የመጨረሻው እንግዳ ጫማውን አውልቆ ሲቀመጥ ነው። ስልክ ላይ "በር ላይ ነኝ" ስላለ አትበትኑ።