ሲልቫሲሲሊያ፦ ስለ እግር አልባው እንቁራሪት አስተኔ የሚሠሩ ስህተቶች

ክረምት ላይ ቦርከና ዳር ማሳ ሲቆፈር፣ ደሴም ቦይ ሲጠረግ ቀለበት ቀለበት ያለው ለስላሳ ፍጥረት ይወጣል። ተማሪዎች በስልካቸው ያነሱትና "ቲቸር፣ ሲሲሊያን የሚባለው ይሄ ነው?" ይላሉ። ሲሲሊያን ማለት እግር የሌለው፣ ትል ወይም እባብ የሚመስል የእንቁራሪት አስተኔ (አምፊቢያን) ዓይነት ነው። ጥያቄው ደስ ይላል፤ ዙሪያው ግን ስህተት ይበዛበታል።

ኮምቦልቻ ላይ መፈለግ። የኢትዮጵያው ሲሲሊያን ሲልቫሲሲሊያ ይባላል፤ በሥሩ አንድ ዝርያ ብቻ ያለው ወገን (ጂነስ) ሲሆን የሚታወቀውም ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥብ ደኖች ነው። አሜሪካዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ቴይለር ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመዘግበው ከሌላ ወገን ጋር መድቦት ነበር፤ ሌላዋ ተመራማሪ ማርቫሊ ዌክ በ1987 ለብቻው ወገን ሰጠችው። ስለዚህ የወሎ ተማሪ እጅ የገባው የመሬት ትል ሳይሆን አይቀርም።

ትል አድርጎ መቁጠር። ከሩቅ ሲያዩት ማንም ይሳሳታል፤ ሁለቱም እርጥብ ናቸው፣ ሁለቱም ቀለበት አላቸው፣ ሁለቱም አፈር ውስጥ ይኖራሉ። ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። ትል መንጋጋም ጥርስም አጥንትም የለውም። ሲሲሊያን ግን ደንደሴ (የጀርባ አጥንት ያለው) ነው፦ ጠንካራ የራስ ቅል አለው፣ አፈሩንም የሚገፋው በእሱ ነው። ጥርሱም ስለታም ነው፤ ትሉን ራሱን ይበላዋል! በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ደግሞ ሽታና ንክኪ የሚለይባት ትንሽ ብቅ የምትል አካል አለችው። ይቺ በሌላ እንስሳ ላይ አትገኝም።

እባብ ነው ብሎ በዱላ መምታት። የእባብ ቆዳ ደረቅና ቅርፊታም ነው፤ የሲሲሊያን ግን እርጥብና የሚያሙለጨልጭ ነው። አብሽሩ፣ ሰው አሳዶ አይነክስም። ቆዳው መርዝ ስለሚያመነጭ ግን በባዶ እጅ አለመነካካት ነው።

ፈተና ላይ የእንቁራሪት አስተኔ ምሳሌ ሲጠየቁ "እንቁራሪትና ሳላማንደር" ብሎ መጨረስ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እንሽላሊት የሚመስለው ሳላማንደር በኢትዮጵያ ምድር የለም፤ ሲሲሊያን ግን አለ። ልጁ አገሩ ውስጥ የሌለውን በቃሉ ይዞ ያለውን ይዘለዋል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ለምሳሌ የሚቀርብለት ሁልጊዜ የባህር ማዶው እንስሳ ነው።

"ዓይን የለውም" ማለት። አለው፤ ብዙዎቹ ላይ በቆዳ ስለተሸፈነ ነው የማይታየው። ብርሃንና ጨለማ ይለይበታል።

የአንዱን ባሕርይ ለሁሉም መስጠት። በይነመረብ ላይ "ሲሲሊያን ልጆቿን ወተት ታጠባለች" የሚል ወሬ ይዞራል። ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ሲፎኖፕስ አኑላተስ የተባለችው የብራዚል ዝርያ ለተፈለፈሉ ልጆቿ ወተት መሳይ ፈሳሽ እንደምትሰጥ አሳይቷል። ፈሳሹ የሚወጣው ግን ከጡት አይደለም፣ ከኋላዋ ቀዳዳ ነው። በኬንያ ታይታ ኮረብቶች የምትኖረው ቡለንገሩላ ደግሞ ልጆቿን የራሷን ቆዳ ልጠው እንዲበሉ ታደርጋለች፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ሁለቱም ግን ሲልቫሲሲሊያ አይደሉም። "የኢትዮጵያው ሲሲሊያን ወተት ያጠባል" ብሎ የጻፈ ተማሪ ከእኔ ነጥብ አያገኝም።