ያረጀ የክላርኔት ማውዝፒስ እንዴት ይለካል፣ እንዴት ይስተካከላል

ክላርኔት ሲጥ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ሪዱን፣ ሲነፋ የሚርገበገበውን ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ ነው። ሪድ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። እዚህ ባህር ዳር በእጄ ካለፉት አሮጌ ማውዝፒሶች (ሪዱ የሚታሰርበት፣ አፍ ውስጥ የሚገባው የክላርኔት ጫፍ) የብዙዎቹ ችግር ሪዱ የሚርገበገብባቸው የግራና የቀኝ ጠርዞች እኩል አለመሆናቸው ነበር። ልዩነቱ ከፀጉር ስለሚቀጥን ዓይን አያየውም። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት ከመያዛችሁ በፊት ለኩ።

ከዚያም በፊት ሪዱ ከደሙ ንጹህ መሆኑን አረጋግጡ። በእኛ የበጋ አየር ሪድ ደርቆ ይጣመማል። አርጥባችሁ ጠፍጣፋ ሆዱን መስታወት ላይ አስቀምጡትና ግራና ቀኙን በጣት ጫን ጫን አድርጉት። ከተወዛወዘ ጥፋቱ የሱ ነው። የጣና ደንገል ለሪድ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ። አይሆንም። ደንገል ታንኳ የሚያንሳፍፈው ውስጡ ለስላሳና አየር የሞላው ስለሆነ ነው። ሪድ የሚሠራው ጠንካራ ቃጫ ካለው የሸምበቆ ዓይነት ነው፤ ደቡብ ፈረንሳይ በዚህ ሸምበቆ የታወቀ ነው።

ሪዱ ደህና ከሆነ እሰሩትና የማውዝፒሱን የታች ቀዳዳ በመዳፋችሁ ድፈኑ። እንደምትነፉ አድርጋችሁ ያዙትና አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡ። ከአፋችሁ ስታወጡት ሪዱ ተጣብቆ ትንሽ ቆይቶ “ጧ” ካለ ጠርዞቹ ይዘጋሉ ማለት ነው። ወዲያው ከለቀቀ አየር የሚያስገባበት ቦታ አለ።

ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። አሉሚኒየምና መስታወት ከሚሠሩ ልጆች ሁለት ቁራጭ መስታወት ጠይቁ። ለመሞረጃው 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ ቀጭኑ ሲጫኑት ይለምጣል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ፊለር ጌጅ ግዙ፤ መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት፣ እንደ ቢላዋ የሚታጠፉ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ያሉት ነው። ከመኪና ቀለም መሸጫ ደግሞ በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት፣ 600፣ 1000 እና 2000 ቁጥር።

ማውዝፒሱን በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ሙቅ ውሃ በፍጹም አታስነኩት። አሮጌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ኤቦናይት ናቸው፤ በድኝ የጠነከረ ጎማ ማለት ነው። ሙቀት ቀለሙን ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለውጠዋል፣ ቅርፁንም ሊያጣምመው ይችላል። ነጭ ቅርፊት ከያዘ አቼቶ በውሃ በርዛችሁ በጥጥ ጥረጉት።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሁለቱ ጠርዞች ወደ ጫፉ ሲጠጉ ከሪዱ እየራቁ ይጎብጣሉ፤ የምንለካው ይህን ኩርባ ነው። በሁለተኛው መስታወት ላይ በቀጭን ማርከር ሚሊሜትር በሚሊሜትር መስመር አስምሩ። ሪዱ የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ገፅ መስመሩ ባለበት በኩል ለጥፉት፤ ጫፉ ዜሮ ላይ ይዋል። መስታወቱን ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን ያዙትና በመስታወቱ ውስጥ ተመልከቱ። የ0.05 ሚሊሜትር ምላሱን ከጫፉ በኩል በጠርዙና በመስታወቱ መሃል አስገቡት። አትግፉት፣ በራሱ ክብደት ይንሸራተት። የቆመበትን ቁጥር ለግራም ለቀኝም ለብቻ ጻፉ። ከዚያ በ0.25፣ በ0.60 እና በ0.85 ድገሙት። የጫፉን ክፍተት፣ ማለትም ጫፉ ከመስታወቱ የሚርቀውን ያህል ለማወቅ ምላሶችን ደራርቡ፤ 0.85 እና 0.20 አንድ ላይ ልክ ከገቡ ክፍተቱ 1.05 ነው።

አንድ የማርሽ ባንድ ጡረተኛ ያመጡልኝን ልንገራችሁ። “ጋሼ፣ ሪዱ አይደለም” አልኳቸው። “ታዲያ ምኑ ነው ልጄ? ዕድሜዬን ሙሉ የነፋሁበት እኮ ነው!” ለካን። በአራቱ ምላሶች ተራ ግራው 16፣ 10.5፣ 5፣ 2.5 አለ። ቀኙ 14፣ 10፣ 5፣ 2.5። ከጫፉ በኩል ሁለቱ እኩል ናቸው። ወደ ኋላ ግን የቀኙ ኩርባ በ2 ሚሊሜትር ያጥራል። ሪዱ ሲርገበገብ በግራ በኩል ቀድሞ፣ በቀኝ ዘግይቶ ይለቃል ማለት ነው። መፍትሔው ከቁጥሮቹ ላይ ይነበባል፦ ጫፉ አይነካም፣ የሚሞረደው ከቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ከ14 እስከ 16 ባለው ቦታ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ወፍራሙ መስታወት ላይ ለጥፉና ውሃ ጠብ አድርጉበት። የኤቦናይት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ በደረቁ አትሥሩ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ 1000 ቁጥር ይበቃል፤ 600 ብዙ መነሳት ሲኖርበት ነው። ማውዝፒሱን ወደ አጭሩ ጠርዝ በጣም በትንሹ አዘንብላችሁ፣ ኩርባው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ በቀላል እጅ አንሸራትቱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ አድርጉና አቁሙ። ጥረጉ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ሥራው በአብዛኛው መለካት ነው። ቀኙ 16 ላይ ሲደርስ በ2000 አለስልሱና አቁሙ። የተነሳ ኤቦናይት አይመለስም።

ሪዱ የሚቀመጥበትን ገፅ ካልተገደዳችሁ አትንኩት። አንዳንድ ሠሪዎች ሆን ብለው መሃሉን ትንሽ ጎድጎድ ያደርጉታል፣ ስለዚህ ጎድጓዳ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ከዚህ ገፅ ላይ በሞረዳችሁ ቁጥር ደግሞ የጫፉ ክፍተት ይጠብባል።

ጫፉን ለማስፋት የሚቸኩሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ክፍተት የባሕርይ ጉዳይ ነው። ቫንዶረን ከሚባለው የፈረንሳይ ሠሪ ሞዴሎች የቢ45 ጫፍ 1.195 ሚሊሜትር ነው፣ የ5አርቪ 1.065። ሁለቱም ግሩም ይነፋሉ። ጠባቡ ጠንከር ያለ ሪድ ይፈልጋል፣ ሰፊው ለስለስ ያለ።

ከጨረሳችሁ በኋላ የመሳብ ፈተናውን ድገሙ። ከዚያ ንፉ። መጀመሪያ ዝቅተኛዎቹን ድምፆች በቀስታ አርዝሙ። ቀጥሎ ከመሃለኛው ላ ወደ ሲ ተሻገሩ፤ ክላርኔት ሲጥ ማለት የሚወደው እዚያ ነው። በመጨረሻ ትዝታን ቀስ ብላችሁ፣ በጣም በለሆሳስ ተጫወቱ። ጮክ ብሎ ሲነፋ ብዙ ጉድለት ይደበቃል፤ ለሆሳስ ግን ሁሉንም ያወጣዋል። ጋሼም የሞከሩት በትዝታ ነበር፣ ወጣላቸው።

የታችኛው ቡሽ ላልቶ ማውዝፒሱ ከወዛወዘ ለጊዜው ክር ጠቅልሉበት፤ አዲስ ቡሽ ስታገኙ አሮጌውን ፍቃችሁ ለጥፉ። የጻፋችሁትን የልኬት ወረቀት ከማውዝፒሱ ጋር ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከዓመታት በኋላ የሚለካው ሰው ከየት እንደተነሳችሁ ያውቃል።