ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑን እንዴት እናውቃለን

ጣት ሚያህል ርካሽ ቻርጅ ሚደረግ ባትሪ ላይ 9900 ሚሊአምፔር አወር (ባትሪው ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ ሚለካበት) ሚል ካያችሁ ሳትሞክሩት ውሸት ነው ማለት ትችላላችሁ፣ ምንም ማጋነን የለበትም። 18650 ሚባለውን ሊትየም ባትሪ (18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ ቶርች ውስጥ ሚገባው) እነ ሳምሰንግ፣ ኤልጂና ፓናሶኒክ ራሳቸው ሲሰሩት ጥሩ ሚባለው 3500 አካባቢ ነው ሚይዘው። የዛን 3 እጥፍ ሊይዝ አይችልም። ትንሹ ደብል ኤ (AA) ደግሞ (የኒኬሉ) ከ2000 እስከ 2700 ገደማ ከያዘ ትልቅ ነገር ነው፣ ኤኔሉፕ ሚባለው የፓናሶኒክ ባትሪ ያን ያህል ተመስግኖ መደበኛው ላይ ሚጻፈው 2000 አካባቢ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ከነዚህ ጋር ማስተያየት ነው፣ ካለፈ በቃ ተዉት።

ከገዛችሁት በኋላ ደግሞ መዝኑት። ግራም ሚያሳይ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ትክክለኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ደብል ኤው ከ26 እስከ 31 ግራም። 18650ው 30 ግራም ምናምን ከሆነ ውስጡ ባዶ ቦታ ወይ ትንሽዬ ባትሪ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ኃይሉን ሚይዘው ውስጥ የተጠቀለለው ነገር ራሱ ክብደት አለው። ግን ልብ በሉ፣ ከባድ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ አዲስ ፕላስቲክ የለበሰ ባትሪም ክብደቱ ልክ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ክብደት እንዲያነሳ አሸዋ ወይ ዱቄት መሳይ ነገር ይሞላበታል። ስለዚህ ሚዛን ሚያጋልጠው ቀላሉን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ምንም መሳሪያ አይፈልግም ግን ሰው ብዙ አያስበውም፣ የቻርጅ ሰዓት መያዝ። ባትሪውን እስኪደክም ተጠቀሙበትና ቻርጀሩ ላይ ስታስገቡት ሰዓቱን ጻፉ። ቻርጀሩ 1 አምፔር ሚል ከሆነ በ1 ሰዓት ውስጥ ሚያስገባው ቢበዛ 1000 ነው፣ ስለዚህ 9900 የተባለው ባትሪ ለመሙላት 10 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። 1 ሰዓት ሳይሞላ አረንጓዴው ከበራ ባትሪው ከ1000 አያልፍም፣ የቻርጀሩ ቁጥርም ተጋኖ ከሆነ ደግሞ ከዛም ያንሳል። ይሄንን ስታደርጉ አጠገቡ ሁኑ፣ ሴራሚክ ላይ ወይ ሚነድ ነገር በሌለበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ በእጅ ለመያዝ ሚያቃጥል ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ እባካችሁ፣ ርካሽ ሊትየም ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ ከፈለጋችሁ አቅም ሚለካ ቻርጀር ያስፈልጋል። ባትሪውን ይሞላዋል፣ ከዛ በተወሰነ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ለምሳሌ በ500 ሚሊአምፔር ባዶ እስኪሆን ያወርደዋል፣ ስንት እንደወጣ ይቆጥራል። 2 ሰዓት ቆይቶ ካለቀ ባትሪው 1000 ነው፣ ሂሳቡ ይሄው ነው፣ ከረንት ሲባዛ በሰዓት። የኒኬል ባትሪ አዲስ ሲሆን ወይ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ሊል ስለሚችል ሁለት ሶስቴ ደጋግማችሁ ሳትለኩ አትፍረዱበት። ባትሪውን በሽቦ አገናኝቶ ለማውረድ መሞከር ወይ ውስጡን ለማየት መቅደድ ግን በፍጹም፣ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ፓወር ባንክ ላይ ግን ቸኩለን ሰው እንዳንወነጅል። 10000 የተባለው ሚለካው ውስጥ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው፣ ማለትም 37 ዋት አወር፣ ስልካችን ሚቀበለው ግን በ5 ቮልት ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 7400 ይወርዳል፣ መሀል ላይ ሚባክንም ስላለ የዩኤስቢ መለኪያ (ስንት እንደወጣ ሚቆጥር ትንሽ መሳሪያ) ብትሰኩ 6000 ምናምን ቢያሳያችሁ ፓወር ባንኩ ታማኝ ነው። 2000 ካሳያችሁ ያኔ ተሸውዳችኋል። መለኪያ ከሌለ 5000 ባትሪ ያለውን ስልክ አጥፍታችሁ ከባዶ ሙሉበት፣ ትክክለኛው 10000 አንዴ ሞልቶት ለሁለተኛው ትንሽ ሊተርፈው ይገባል። ግማሽ ላይ ካቆመ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ውሸት ሆኖ ስታገኙት ሚዛኑ ላይ እንዳለ ግራሙ እየታየ፣ መለኪያው ላይ ደግሞ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ አንሱና የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ገንዘባችሁን ጠይቁ። አስተያየትም ጻፉ፣ ምክንያቱም ባትሪ ገዝቶ በደረሰው ቀን 5 ኮከብ ሚሰጠው ሰው ሳይለካ ነው ሚሰጠው፣ ቀጥሎ ሚገዛው ደግሞ እሱን አይቶ ነው ሚገዛው።

ካልመለሱላችሁስ? ደካማ የኒኬል ባትሪ ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት ያገለግላል፣ አትጣሉት። ያበጠ፣ ልባሱ የተቀደደ ወይ ሚግል ሊትየም ከሆነ ግን ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ሳትቀላቅሉ ባትሪ ሚሰበሰብበት ቦታ አስረክቡት። ሁለት ባትሪ ሚወስድ ነገር ላይ ደግሞ ደካማውን ከጥሩው ጋር አታጣምሩ፣ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ጥሩው በላዩ ላይ ከረንት መግፋቱን ስለሚቀጥል ባዶ የሆነው ይጎዳል፣ ሊትየም ከሆነ አደጋም አለው።