ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት በሰው አገር፦ በማኅበረሰብ ልማት በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ለሚያስቡ

በቅርቡ ተመርቀው አንድ ዓመት ያህል በሌላ አገር ገጠር ውስጥ በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ለማገልገል አስበው ከሆነ ይህ ምክር ለእርስዎ የተጻፈ ነው። እኔ በማላዊ ማዕከላዊ ክልል በአንድ የገጠር አካባቢ አሥራ ሁለት ወራት አገልግያለሁ፤ ስለዚህ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዚያው የተወሰዱ ናቸው።

ተመራቂን ወደማያውቀው ስፍራ ልኮ ማሠራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በሃሪስ ዎፎርድ የተመሩት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት፣ ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች፣ መጥተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ተመድበዋል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የነበሩ አባቶችና እናቶች ስለ ሰላም ጓድ መምህሮቻቸው ሲያወሩ ከትምህርቱ ይልቅ ኮልታፋ አማርኛቸውንና እንጀራ አቆራረሳቸውን ነው የሚያነሡት። እርስዎም የሚሄዱበት መንደር ሰዎች ነገ የሚያወሩት ይህንኑ እንደሚሆን አስቀድመው ቢቀበሉ ይጠቅማል።

የትኛው በር ለእርስዎ ክፍት ነው?

አመልካቾች ብዙ ጊዜ የሚያባክኑት ለማይመለከታቸው መርሐ ግብር ቅጽ በመሙላት ነው። የሰላም ጓድ የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጎችን ብቻ ስለሆነ፣ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ ያደገ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሊያመለክት ይችላል፤ ሥልጠናውን ጨምሮ አገልግሎቱ 27 ወራት ይወስዳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ተመራቂ ግን ቀድመው መታየት የሚገባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት ወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ሲሆን ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆናቸውን አፍሪካውያን አሠልጥኖ ከአገራቸው ውጪ ለአንድ ዓመት ይመድባል። ሁለተኛው በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን አገር በቦን የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ነው። በዚህኛው የወጣቶች ዘርፍ ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ አመልካቾች ሲሆን፣ 27 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው በሚዘጋጁት ዘርፎች የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ተመራቂ «ትንሽ ቆይቼ» የሚልበት ጊዜ የለውም። ከእነዚህ ሌላ የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየጊዜው ምደባ ያወጣሉ፤ ጥራታቸው ግን እንደየድርጅቱ በእጅጉ ይለያያል።

ማን ይከፍላል?

በጎ ፈቃደኛ ደመወዝ የለውም፤ ከኪሱ ይኖራል ማለት ግን አይደለም። ደህና መርሐ ግብር የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የወር የኑሮ አበሉን፣ የሕክምና መድኑንና የቪዛ ወጪውን ይሸፍናል። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በእኔ ውል ላይ «መኖሪያ ቤት ይመቻቻል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። «ይመቻቻል» ማለት ቤቱን እነርሱ ይፈልጋሉ፣ ኪራዩን እኔ እከፍላለሁ ማለት መሆኑን የተረዳሁት ሻንጣዬን ይዤ የማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ከገባሁ በኋላ ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ከወር አበሌ ሲሶውን ወሰደችብኝ።

ከምልመላ እስከ ምደባ ባለው ሂደት የመመዝገቢያ፣ የማስፈጸሚያ ወይም የሥልጠና ገንዘብ በግል የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡ ከተጠየቁ ነገሩን እዚያው ያቁሙ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በየትኛውም የምልመላ ደረጃ ከአመልካች ክፍያ አይጠይቁም። ደላሎችም «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ስም ለሌላ ዓላማ ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ፣ የተቀባዩ ድርጅት አድራሻ በዚያ አገር በትክክል መኖሩን ሳያጣሩ ፓስፖርትዎን ለማንም አይስጡ።

ማመልከቻው

በፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ላይ «ማኅበረሰቡን መርዳት እፈልጋለሁ» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም፤ ሁሉም የሚጽፈው እርሱን ነው። መራጮቹ የሚፈልጉት ሌላ ሰው ሊማረው የሚችል አንድ ትንሽ ሙያ ነው። እኔን ለቃለ መጠይቅ ያስጠራኝ የዲግሪ ውጤቴ ሳይሆን የሰፈራችንን እድር ሒሳብ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬ ገንዘብ ያዡን ማሠልጠኔን የገለጽኩበት አንድ አንቀጽ ነበር። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሠርተው፣ የትምህርት ቤት ክበብ መርተው፣ በጤና ኬላ የተግባር ልምምድ አድርገው ከሆነ ምን እንደሠሩ፣ ከማን ጋር እንደሠሩና ከሄዱ በኋላ ሥራው ቀጥሎ እንደሆነ ይጻፉ። ካልቀጠለም ለምን እንዳልቀጠለ መጻፍ አያስነቅፍም፤ እንዲያውም ከሌላው አመልካች ሊለይዎት ይችላል።

ሰነድና ጤና

ፓስፖርትዎ ከአገልግሎቱ ማብቂያ ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን፤ ዲግሪዎንም አስቀድመው ያረጋግጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የክትባቱ ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በደጋ ያደገ ሰው ለወባ የዳበረ የመቋቋም አቅም ስለሌለው መከላከያውን በሐኪም ትእዛዝ ከጉዞው በፊት መጀመር፣ ከተመለሱ በኋላም እስከታዘዘው ቀን ድረስ መጨረስ ያስፈልጋል። በማላዊ ሐይቅ የዋኘ ሰው ደግሞ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ ለብልሃርዚያ ይመርመር።

ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሆን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ማላዊ ወገኖቻችን ወደ ደቡብ አፍሪካ በእግርና በጭነት መኪና የሚያልፉበት መስመር ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት በኬላዎች ላይ መልካችን ጥርጣሬ ያስነሣል። ከካሱንጉ ስመለስ ከሚኒባስ አስወርደው ሁለት ሰዓት አቁመውኛል። የመኖሪያ ፈቃድዎን ቅጂና የተቀባይ ድርጅቱን ደብዳቤ ገበያ ሲወጡም ቢሆን ከኪስዎ አይለዩ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምንም ፕሮጀክት አይጀምሩ። ቋንቋ ይማሩ፣ ንሲማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ መብላት ይልመዱ፣ የመንደሩን አለቃ ተገኝተው ሰላም ይበሉ። «ሙሊ ብዋንጂ?» ብሎ ሰላምታ የሰጠን ሰው መልስ ቆሞ ማዳመጥ እኛ «እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት?» እንደምንባባለው ያለ ነገር ስለሆነ፣ ለዚህ ጊዜ የሌለው እንግዳ ለሌላውም ነገር ጊዜ የለውም ተብሎ ይታሰባል።

እኔ ወደዚያ የሄድኩት የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና በጃንዋሪ ለመስጠት ዕቅድ ይዤ ነበር። በሁለተኛው ወር አንዲት የልማት ኮሚቴ አባል የወቅት ሰሌዳ እንሥራ አሉኝ። ሴቶቹ በማንጎ ዛፍ ሥር መሬት ላይ በእንጨት አሥራ ሁለት መስመር ሠሩ፤ ሥራ ለሚበዛበት ወር የበቆሎ ፍሬ፣ ምግብ ለሚያጥርበት ወር ጠጠር ያስቀምጡ ጀመር። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ መስመሮች ላይ ፍሬውም ጠጠሩም ተቆለለ፤ አረሙ የሚነቀለው ጎተራው ባዶ በሆነበት ጊዜ ነበርና። የኔ ሥልጠና የተያዘለት ቀን በትክክል እዚያ ክምር ላይ ይወድቅ ነበር። ማንም «ዕቅድህ ስሕተት ነው» አላለኝም፤ ሥልጠናውን አዝመራው ከገባ በኋላ ወደ ጁን አዛወርኩት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንጨት፣ ፍሬና ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ እርስዎም ከሁሉ አስቀድመው ይሞክሩት።

ሰው ሳይጠየቅ የሚመጣ ሐሳብ የሚያስከትለውን ኪሳራ ለመረዳት በደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የተተከለውን «ፕሌይ ፓምፕ» የተባለ የውሃ መሳቢያ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱበት ውሃ ወደ ማጠራቀሚያ ይስባል የተባለለት ይህ መሣሪያ በ2006 እ.ኤ.አ. የ16.4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ቃል ተገብቶለት፣ እስከ 2010 ድረስ 4,000 ያህሉ ሊተከል ታቅዶ ነበር። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲያሰላው፣ የታሰበውን ያህል ሕዝብ ለማጠጣት ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ይኖርባቸው ነበር። በተግባርም ልጆቹ ሲሰለቻቸው እናቶች ያንን ከባድ መዘውር በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ተገኙ። በማላዊ በብዛት ያለው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ግን የመንደሩ ሰው ራሱ ፈትቶ ማሸጊያ ጎማውን እንዲቀይር ታስቦ የተሠራ ነው። በመንደርዎ ፓምፕ ከቆመ አዲስ ለማስተከል ረጂ ከመፈለግዎ በፊት ያቺ ጎማ የት ሱቅ እንደምትሸጥና የውሃ ኮሚቴው ሣጥን ውስጥ መግዣ እንዳለ ይጠይቁ።

እቁብ የሚያውቅ ሰው የቁጠባ ቡድን ሲያገኝ

ኢትዮጵያዊ በጎ ፈቃደኛ ከሌላው የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር እቁብና እድር ውስጥ ያደገ መሆኑ ነው። ይኸው ዕውቀት ግን ሊያሳስትም ይችላል። በማላዊ ባንኪ ንኮንዴ፣ ማለትም የበረንዳ ባንክ፣ የሚባሉት የመንደር ቁጠባ ቡድኖች በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት በኒጀር ማራዲ አካባቢ ከጀመረው አሠራር ጋር ይመሳሰላሉ። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ አባላት በየሳምንቱ አክሲዮን ይገዛሉ፣ ከተጠራቀመው ላይ በወለድ ይበዳደራሉ፣ ከዓመት በኋላም ሁሉንም እንደየድርሻቸው ይከፋፈላሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው?» ብዬ ጠይቄ ተስቆብኛል። ዕጣ የለም፤ ክፍፍሉ የሚደረገው ለማዳበሪያና ለዘር መግዣ እንዲደርስ ከዝናቡ በፊት ነው።

የገንዘቡ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። ቁልፎቹን ሦስት የተለያዩ ሴቶች ይይዛሉ፣ ሣጥኑ ደግሞ ከአራተኛዋ ዘንድ ያድራል፤ አራቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። በመሃላቸው ጠብ በተነሣ ጊዜ «አንተ እንግዳ ነህ፣ ዘመድ የለህም፣ አንዱን ቁልፍ ያዝልን» አሉኝ። እንዲህ ያለው መታመን ደስ ያሰኛል፤ ቢሆንም አይቀበሉት። እርስዎ ወባ ይዞዎት ሊሎንግዌ ከተኙ ቡድኑ ብድር መስጠት አይችልም፤ አገልግሎትዎን ጨርሰው ሲሄዱም ቡድኑ ቁልፍ ያዥ ሳያዘጋጅ ይቀራል። እኔ ቁልፉን ከመያዝ ይልቅ ሦስተኛዋን ቁልፍ ያዥ እንዲመርጡ ስብሰባ ጠርቼ፣ ከበረንዳው ጫፍ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ።

ለመመለስ ሲዘጋጁ

ከመጨረሻው ወር ቀደም ብለው የሚሠሩትን ሁሉ ከአንድ የአካባቢው ሰው ጋር አብረው ይሥሩ፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ እርሱ ወይም እርሷ ሲሠሩ እርስዎ ይመልከቱ። የልጆችን ፎቶግራፍ ያለወላጅ ፈቃድ በማኅበራዊ ገጾች አይለጥፉ። የአገልግሎት ማስረጃዎንና የምስክር ደብዳቤዎን አለቃዎ ቢሮ ውስጥ እያሉ፣ ማኅተም አስደርገው፣ በእጅዎ ይቀበሉ፤ የእኔ አለቃ ወደ ሌላ አውራጃ በመዛወራቸው አንዲት ገጽ ደብዳቤ ለማግኘት አምስት ወር ፈጅቶብኛል።