የተሰነጠቀው የዋንዛ ጠረጴዛ
ባለፈው ክረምት በትርፍ ጊዜዬ የሠራሁት የዋንዛ ጠረጴዛ፣ ጥር ላይ ገጹ መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ጥፍር ያስገባ ነበር፤ ልጄ የምታጠናበት በመሆኑም በጣም ከነከነኝ። ጣውላ በእርጥብ ወቅት በወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም፤ እኔ ደግሞ ገጹን ከእግሮቹ ፍሬም ጋር በ8 ቪቲ አጥብቄ ስላሰርሁት መላወሻ አጥቶ ነበር። ቪቲዎቹን ስፈታ ስንጥቁ ራሱ ጠበብ አለ። ኮላ በደንብ አስገብቼ በሞርሳ ለ24 ሰዓት ከያዝሁት በኋላ፣ የዳርና ዳሩን 6 ቀዳዳዎች በትራፓኖ በጣውላው ወርድ አቅጣጫ ሞላላ አድርጌ፣ ቪቲዎቹን ከነሮንዴላቸው መለስሁ፤ ገጹ ከመሐል ወደ ሁለቱም ጎን እኩል እንዲላወስም የመሐሎቹን 2 ቪቲዎች እንደነበሩ አጠበቅኋቸው።