«እርጅና ነው» ከማለት በፊት፦ ለጤና ተማሪዎች የአረጋውያን ቤት ጉብኝት

የጤና ተማሪ አረጋዊን መጀመሪያ የሚያየው ዋርድ ውስጥ ከሆነ፣ እርጅናና ጉሉኮስ በአእምሮው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ኋላ «አረጋውያን ላይ መሥራት ትፈልጋለህ?» ሲባል ፊቱን ቢያዞር አይገርምም። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ አልጋ ላይ ካሉት በፊት በቤታቸው ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ማየት። ጅማ ለዚህ ትመቻለች፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አራት ከሆናችሁ ጉብኝቱ ፈተና ይመስላል። በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ቀጠሮ ያዙ፤ ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሰዓትን ተዉት። የደም ግፊት መለኪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና የ3 ሜትር ገመድ ይበቃችኋል።

ስትገቡ «ማን ብዬ ልጥራዎት?» በሉ። እማማ፣ አባባ፣ ሐጂ፣ የሚሉትን ያዙ፤ ከ«እርስዎ» አትውረዱ። ልጃቸው አጠገባቸው ቢቀመጥም ጥያቄው ለእሳቸው ነው። አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ ይሂድ፤ ሽንት ስለማምለጡ በልጅ ልጅ አስተርጓሚነት የሚናገር አዛውንት የለም።

ፊት ለፊት፣ አንድ ሜትር ያህል ቀርባችሁ፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ እንዲያርፍ ሆናችሁ ተቀመጡ። አትጩኹ። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታን ነው፤ ስንጮኽ ደግሞ ድምፃችን ይቀጥናል። ወፈር፣ ዘግየት አድርጉት። ከጠየቃችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው መልስ የሚመጣው ተማሪው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሊያልፍ ሲል ነው።

ቡና ከቀረበ እንቢ አትበሉ፣ አስተውሉ። ጀበናውን አንስተው ሲቀዱ የእጃቸው ጉልበት፣ ዐይናቸውና ትኩረታቸው አብረው ይታያሉ። እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ ሳለ የሚንቀጠቀጥና ሲኒ ሲያነሱ ብቻ የሚንቀጠቀጥ አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ፓርኪንሰንን ያስጠረጥራል።

ደም ግፊቱን 5 ደቂቃ ካረፉ በኋላ ለኩ፤ ከዚያ አስነስታችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሲነሱ የሚያዞራቸው ለምን እንደሆነ አገኛችሁ። በዚህ ጊዜ አንዳችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ቀጥሎ ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ። ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ጫማ ያድርጉ፤ ከዘራም ካላቸው ይያዙ። ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት ዱካ ላይ አስቀምጠው በመጀመራቸው ነው፤ ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት ለጤነኛም ጊዜ ስለሚወስድ ውጤቱ ይበላሻል።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም። ቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ፌስታል እንዲያመጡ ጠይቁ። ለጉልበት ሕመም ከሱቅ የተገዛ ዲክሎፌናክ ከዚያ ይወጣል፤ ብዙዎች እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም፣ ግን ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በረመዳን መድኃኒታቸውን ስንት ሰዓት እንደሚወስዱም ጠይቁ።

ሪፖርት ስትጽፉ «በእርጅና ምክንያት» የሚለውን ሐረግ ሙሉ በሙሉ አውጡት። በቦታው የታየውን ጻፉ። «አርጅተው ይረሳሉ» ተብሎ የታለፈው፣ ጠጋ ብለው ቢጠይቁ «ከሦስት ቀን ወዲህ ድንገት ግራ ተጋቡ» ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ምልክት ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ያስልካል። ይህን ልዩነት አንዴ በገዛ እጁ ያገኘ ተማሪ ስለ ሙያው የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል፤ በእኛ እምነት ከየትኛውም ሌክቸር የበለጠ የሚሠራው ይህ ነው።

የለካችሁትን ቁጥር ሳትነግሯቸው አትውጡ። የምትመለሱበትን ቀንም ቁርጡን ንገሯቸው፤ ቡና አፍልተው ይጠብቋችኋልና።