«ቹዝ» ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አማርኛ ላይ «መረጠ» ለሁሉም ይበቃል። ሸሚዝም ይመረጣል፣ የፓርላማ አባልም ይመረጣል። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል። የምንደናበረውም እዚያ ላይ ነው።

አዘውትሮ የሚሰማው ስህተት «አይ ቾይስ ዚስ ዋን» ነው። ቾይስ ስም ነው፣ «ምርጫ» ማለት። ግሱ ቹዝ ነው። ዝምድና አላቸው፣ የመጡበት መንገድ ግን ይለያያል። ቹዝ ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ቼኦዛን» በቀጥታ የወረደ ነው። ቾይስ ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ነው የገባው።

ይህን አይተው ቹዝንም የፈረንሳይ ቃል የሚያደርጉ አሉ። እሱም ስህተት ነው። እንዲያውም ፈረንሳይኛው ራሱ ቃሉን የተበደረው ከጀርመንኛ ዘመዶች ነው። ወደ ጥንቱ ሥር ሲኬድ ትርጉሙ «መቅመስ» ነው። የላቲኑ «ጉስታሬ» (መቅመስ) ከዚያው ሥር ስለሆነ፣ ዲስገስት (መጸየፍ) የቹዝ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ነው። ገበያ ወጥቶ ቅቤ ሳይቀምስ ለማይገዛ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም።

«ቹዝድ» የሚባል ነገር የለም። የአሁኑ ቹዝ በሁለት «ኦ» ይጻፋል፣ ያለፈው ቾዝ በአንድ። በነገራችን ላይ አጻጻፉ ድሮ እንደዚህ የረጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤውን ይመርጣል ሲል ቃሉን በ«ዩ» ነው የጻፈው። ፈተና ላይ ይህን ብትሞክሩ ግን ማንም አይምራችሁም።

ኢሌክት ድምፅ ተሰጥቶ ለሥልጣን ለሚመረጥ ነው። ካፌ ገብቶ ኬክ «ኢሌክት አደረግሁ» ያለ ሰው፣ ኬኩን ለሊቀመንበርነት ያወዳደረው ነው የሚመስለው።

ፕሪፈር ላይ የምታሳስተን የራሳችን «ከ» ናት። «ከቡና ሻይ እመርጣለሁ» ብለን ስለምናስብ «አይ ፕሪፈር ቲ ዛን ኮፊ» እንላለን። ትክክሉ «ቲ ቱ ኮፊ» ነው። ቃሉ በላቲን «ማስቀደም» ስለሆነ ማበላለጡን በውስጡ ይዞታል፤ «ሞር ፕሪፈር»ም ትርፍ ነው። «ዛን» የምትገባው ሁለት ድርጊቶችን ስናነጻጽር፣ ያውም ራዘርን አስቀድማ ነው፦ «አይ ፕሪፈር ቱ ዎክ ራዘር ዛን ቴክ ኤ ታክሲ።»